ባንክ እስኪጠራኝ ሙዚቃ ላስተምር ወይ?

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ። የሀዋሳ ልጅ ነኝ። በአካውንቲንግ ተመርቄ ከዓመት በላይ ሥራ ፈልጌ አላገኘሁም። ከልጅነቴ ጀምሮ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ለመዘምራን ኪቦርድ እጫወታለሁ። በቅርቡ ታቦር አካባቢ ያለ አንድ የግል ትምህርት ቤት ከ1ኛ እስከ 6ኛ ክፍል የክወናና እይታ ጥበባት እንዳስተምር ጠየቀኝ። ደመወዙ ትንሽ ነው። አባቴ ‹ዲግሪሽን ይዘሽ ልጅ ልታዘፍኚ ነው? ባንክ እስኪጠራሽ ታገሺ› ይለኛል። ልቤ ግን ወደ ልጆቹ ነው። ይሄ ነገር ሙያ ይሆናል? ማስተማርም አልተማርኩም። ትምህርት ቤቱ ኪቦርድ ስለሌለው የራሴን ልውሰድ ወይ? እባክዎ ይምከሩኝ።»

መልስ፦

እህቴ፣ ሥራውን ያዢው። ለባንክ ማመልከትሽን ግን አታቁሚ። ሁለቱ አይጣሉም። አባትሽ የፈሩት ለፍተው ያስተማሩሽ ልጅ ያለ መተዳደሪያ እንዳትቀር ነው። ስጋታቸው ተገቢ ነው። ቤት ተቀምጦ ባንክን መጠበቅም ግን ደመወዝ የለውም።

ሙያ ይሆናል ወይ ላልሽው፣ አዎ ይሆናል። በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት የክወናና እይታ ጥበባት በአንደኛ ደረጃ ራሱን የቻለ የትምህርት ዓይነት ነው። ሙዚቃ፣ ቴአትር፣ ውዝዋዜና ሥዕል በአንድ ላይ ተጠቃለውበታል። የጎደለው መምህሩ ነው። ብዙ ቦታ የማየው ክፍለ ጊዜው ጫና ለቀለለው መምህር ሲሰጥ ነው። ፈተና ሲቃረብ ደግሞ ሒሳብ ይወስደዋል። ሀዋሳ ውስጥ ዘፋኝ ሞልቷል። ኪቦርድ የሚነካ ወጣትም አይጠፋም። አንድ ክፍል ሙሉ ሕፃናት ይዞ 40 ደቂቃ በሥርዓት የሚያስተምር፣ ለቀጣዩ ሳምንት ዕቅድ ያለው፣ ሴሚስተሩ ሲያልቅ እያንዳንዱ ልጅ ምን እንደቻለ የሚናገር ሰው ግን ትምህርት ቤቶች ፈልገው አያገኙም። ያንቺ ዕድል እዚያ ላይ ነው። ስለዚህ በሙዚቀኛነትሽ ሳይሆን በመምህርነትሽ ለመታወቅ ሥሪ።

ኪቦርድ መቻልሽ የዚህን ሥራ ትንሹን ክፍል ነው የሚሸፍነው። ከመፈረምሽ በፊት የስድስቱንም ክፍል የተማሪ መጽሐፍና የመምህር መምሪያ ተቀብለሽ አንብቢ። ሀዋሳ ላይ በሲዳሙ አፎም በአማርኛም የሚማሩ ልጆች አሉ። የትኛው ክፍል በየትኛው ቋንቋ እንደሚማር ጠይቂ። ሥዕልና የጭቃ ሥራ ላይ እጅሽ ካልሄደ፣ የሚያሳይሽ ሰው ከአሁኑ ፈልጊ። ልጆቹ ይህንን ክፍል የሚወዱት ከሙዚቃው ባላነሰ ነው።

መሣሪያ የለም ብለሽ አትደንግጪ። ጀርመናዊው የሙዚቃ ሰው ካርል ኦርፍ ለሕፃናት በዘረጋው አካሄድ ልጆች የሚጀምሩት በማጨብጨብ፣ ጭናቸውን መታ መታ በማድረግ፣ እግራቸውን በመምታትና ቃላትን በምት በመናገር ነው። የሀንጋሪው ዞልታን ኮዳይ ደግሞ ነገሩን ሁሉ በመዝፈን ላይ መሠረተው። ልጁ መጀመሪያ ይሰማል፣ ይዘፍናል። የዶ-ሬ-ሚን ድምፆች በእጅ ምልክት ያሳያል። ኖታው ከዚያ በኋላ ይመጣል። እነዚህን ሁለት አካሄዶች በደንብ አጥኚ። ቪዲዮዎቻቸው በነፃ ይገኛሉ፤ አንዲት መምህርት ብዙ ልጅ ይዛ ለምታስተምርበት ክፍልም ይመቻሉ።

ዜማውን ግን ከውጭ አታምጪ። ሆያ ሆዬን፣ አበባየሆሽን ብዙዎቹ ልጆች ከሰፈር ያውቋቸዋል። አንዱ ያወጣል፣ ሌላው ይቀበላል። ስለ አውጪና ተቀባይ በሰሌዳ ጽፈሽ ከምታስረጂ አንዴ ብታስጨፍሪያቸው ይገባቸዋል። ደግሞ ያለሽው ሲዳማ ውስጥ ነው። የሲዳማ ዘመን መለወጫ በዓል የሆነው ፍቼ ጨምበላላ እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ገብቷል። ከተማሪዎችሽ ብዙዎቹ በዓሉ ወደሚከበርበት ጉዱማሌ ሄደው ቄጣላ የተባለው የሲዳማ ባህላዊ ጭፈራ ሲጨፈር አይተዋል፤ ወይም ከአያቶቻቸው ሰምተዋል። አንቺ በደንብ ካላወቅሽው ራስሽ ለማስተማር አትሞክሪ። አንድ አባት ወይም አንዲት እናት ክፍል ድረስ ጋብዢ፤ እንግዳው ያስተምር፣ አንቺም ከልጆቹ ጋር ተማሪ። የወላይታ፣ የጉራጌ፣ የአማራ፣ የኦሮሞ ልጆችም አብረው ተቀምጠዋልና በየተራው ከየቤታቸው አንድ ዜማ ያምጡ። እኔ ይህንን ክፍለ ጊዜ ከምንም በላይ የምወደው ለዚህ ነው። ልጅ ያያቱን ዜማ ክፍል ውስጥ በክብር ሲሰማ ቀና ይላል።

የ5ኛና የ6ኛ ክፍል ልጆች ደግሞ ከፍ ሲሉ ቅኝት፣ ማለትም አንድ ዜማ የሚሠራባቸውን ድምፆች ስብስብ፣ አስተዋውቂያቸው። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ አራቱም በአምስት አምስት ድምፅ የተሠሩ ናቸው። ኪቦርድሽ ላይ ጥቁሮቹን ብቻ ከኤፍ ሻርፕ (ሦስት ሆነው ከተደረደሩት ጥቁሮች በግራ በኩል ካለው) ጀምረሽ ወደ ላይ ብትነኪ ትዝታ ሜጀር ይወጣልሻል። ኪቦርድ ነክቶ የማያውቅ ልጅ በጥቁሮቹ ላይ ብቻ ሲጫወት ከቅኝቱ አይወጣም። የመጀመሪያ ቀን እንዲህ ያለ ነገር ብዙ ያደፋፍራል።

ከቤተ ክርስቲያን ይዘሽው የምትመጪው ልምድ ትልቅ ሀብት ነው፤ ሦስት ነገር ግን ተጠንቀቂ። አንደኛ፣ የአገራችን ትምህርት ከሃይማኖት ነፃ ነው። መዝሙሩን እዚያው ቤተ ክርስቲያን ተዪው፤ ክፍልሽ ውስጥ የሙስሊሙም የኦርቶዶክሱም የጴንጤውም ልጅ አለ። ሁለተኛ፣ የሕፃን ድምፅ ከአዋቂ ይቀጥናል። ለመዘምራን በለመድሽው የድምፅ ከፍታ ካዘፈንሻቸው ይጮኻሉ፣ ጉሮሯቸውም ይጎዳል። ዜማውን በቀጭኑ ድምፅ ጀምሪ፣ ሳይጮኹ ለስለስ አድርገው ይዝፈኑ። ሦስተኛ፣ በጆሮ ብቻ ከሆነ የምትጫወቺው፣ ኖታ ማንበብ ዛሬውኑ ጀምሪ። ያለሱ ነገ የትም ብታመለክቺ መንገዱ ይዘጋብሻል።

አንድ ልጅ ከዜማው ሲወጣ «አንተ ድምፅ የለህም፣ ዝም ብለህ ቁም» የሚል መምህር አጋጥሞሽ ይሆናል። ይህንን ቃል ከአፍሽ አታውጪ። ሰባት ዓመቱ ላይ እንዲህ የተባለ ልጅ ዕድሜውን ሙሉ ላይዘፍን ይችላል። አብዛኛው ልጅ ዜማ የሚስተው ስላልተለማመደ ነው። አጠገቡ ቁሚ፣ እሱ በሚችለው ድምፅ አንቺ ውረጂለት፣ ከዚያ አብራችሁ ውጡ። ጊዜ ይወስዳል። መምህርት መሆንሽ የሚታየው ግን እዚህ ላይ ነው።

የወላጆች ቀን ነገርም ያሳስበኛል። ርዕሰ መምህሩ «አንድ የሚያምር ነገር አዘጋጂልን» ይልሻል። ጎበዝ ጎበዞቹ ይመረጣሉ፣ ሴሚስተሩ በሙሉ ልምምድ ይሆናል፣ የቀሩት ልጆች ጓሮ ኳስ ይጫወታሉ። እሺ በዪ፤ ግን ሁሉም ልጅ መድረክ ላይ የሚወጣበት ዝግጅት ይሁን። ወላጅ የራሱን ልጅ ሊያይ ነው የሚመጣው። ይህንን በጨዋ አነጋገር ለርዕሰ መምህሩ ብታስረጂ የሚቃወምሽ አይመስለኝም።

ወደ ውሉ እንምጣ። ቃል ብቻ አትቀበዪ። በጽሑፍ ይሁን፤ የሥራ መደብሽም «የክወናና እይታ ጥበባት መምህርት» ተብሎ ይጻፍ። «ረዳት» ወይም «የክበብ ተጠሪ» ከተባለ ልምዱ አይጠቅምሽም። በሳምንት ስንት ክፍለ ጊዜ እንዳለሽ ይቀመጥ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም፤ ስትለቂም የሥራ ልምድ ማስረጃ የማግኘት መብት አለሽ። የጡረታውን መዋጮ፣ ከሠራተኛው 7 ከአሠሪው 11 በመቶ መሆኑን፣ አካውንታንት ነሽና ካንቺ በላይ የሚያውቅ የለም፤ መከፈሉን አረጋግጪ። ደመወዙ ካልጨመረ ክፍለ ጊዜዎቹ በሦስት ወይም በአራት ቀን እንዲጠቃለሉ ጠይቂ። የቀረው ቀን ለትምህርትና ለሌላ ገቢ ይሆንሻል።

ትምህርቱን በሚመለከት፣ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠቅስልሽ ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤትን ነው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለ፣ ክራር፣ ማሲንቆ፣ ዋሽንትና በገናን ከፒያኖና ከሌሎች የውጭ መሣሪያዎች ጋር የሚያስተምር ትልቅ ቤት ነው። ለመግባት የተሰጥኦ ፈተና አለው። ግን ሌላ ሙሉ ዲግሪ ማለት ነው፤ አዲስ አበባ ኖሮ መማር ደግሞ ወጪ አለው። እኔ ዛሬ ወደዚያ ሂጂ አልልሽም። አንድ ዓመት አስተምረሽ፣ ልብሽ መቁረጡን አይተሽ ወስኚ። እስከዚያ ሀዋሳ መምህራን ትምህርት ኮሌጅ በአካል ሄደሽ፣ በሌላ ዲግሪ ተመርቆ ወደ መምህርነት ለሚገባ ሰው ምን ዓይነት የማስተማር ሥነ ዘዴ ሥልጠና እንዳለ ሬጅስትራሩን ጠይቂ። ላንቺ አሁን ከሁሉም በላይ የሚያስፈልግሽ እሱ ነው። የለንደኑ የሙዚቃ ፈተና ድርጅት ኤቢአርኤስኤም (ABRSM) የሚሰጠው ባለ 8 ደረጃ ፈተናም አለ፤ በቪዲዮ ቀርጾ በመላክም ይወሰዳል። ክፍያው በውጭ ምንዛሪ ስለሆነ አትቸኩዪ፤ ኖታውን ግን በእነሱ ደረጃ ማጥናት ትችያለሽ።

አካውንቲንጉ ባከነ ብለሽ አትዘኚ። የጥበብ ሥራ ላይ ያሉ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚወድቁት ገንዘብ አያያዝ ላይ ነው። ለወጣቶች የኪነ ጥበብ ሥልጠና ድጋፍ የሚሰጥ ድርጅት መጀመሪያ የሚያየው በጀቱንና ሪፖርቱን ነው። ያንን አዘጋጅቶ፣ ክፍል ገብቶም የሚያስተምር ሰው ጥቂት ነው። ለአባትሽ ይህንን ንገሪያቸው። ካስፈለገም የሆሴ አንቶኒዮ አብሬውን ታሪክ አጫውቻቸው። ቬኔዙዌላዊ የኢኮኖሚክስ ባለሙያና ሙዚቀኛ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1975 በአንድ ጋራዥ ውስጥ ጥቂት ወጣቶችን ሰብስቦ ኤል ሲስቴማ የተባለውን የወጣቶች ኦርኬስትራ ትምህርት ጀመረ። ያ ጅምር በኋላ ብዙ ሺህ ድሃ ልጆችን መሣሪያ አስይዟል። መንግሥትን አሳምኖ በጀት ማስመደቡ፣ ኢኮኖሚክስ ማወቁ ሳይጠቅመው አልቀረም።

ቅዳሜ ቅዳሜ በየቤቱ ፒያኖና ኪቦርድ የማስጠናት ዕድል ይመጣልሻል። ደመወዝሽን የሚደጉመው እሱ ነው፣ ተቀበዪው። ወላጅ ወይም ሌላ አዋቂ ቤት ውስጥ በሌለበት ግን አታስተምሪ፣ በሩም ክፍት ይሁን። ለልጁም ላንቺም ጥሩ ነው። የተማሪዎችሽን ቪዲዮ ያለ ወላጅ ፈቃድ ቲክቶክ ላይ አትልቀቂ፤ የትምህርት ቤቱ ልጆች ሲሆኑ የትምህርት ቤቱም ፈቃድ ያስፈልጋል።

የራስሽን ኪቦርድ መውሰድን በተመለከተ፣ የመጀመሪያውን ሴሚስተር ውሰጂ። ሁሌ አይደለም፤ በምትፈልጊበት ቀን ብቻ። ሞዴሉንና ሲሪያል ቁጥሩን ጽፈሽ የግል ንብረትሽ መሆኑን ንብረት ክፍል ያስመዝግብልሽ፣ ማህተም ያድርጉበት። ያለዚያ ስትወጪ በሩ ላይ ጥበቃው ያቆምሻል፣ ቢሰበርም የሚጠየቅ አይኖርም። በሁለተኛው ሴሚስተር ትምህርት ቤቱ የራሱን እንዲገዛ ከነዋጋው ጽፈሽ አመልክቺ። ፕሮፎርማ መሰብሰብ መቼም ላንቺ አይከብድሽም።