ዝናብ ሲቋረጥ አንዱ ማሽላ ደርቆ ሌላው ለምን አረንጓዴ ይቆያል?

ከቆቦ አካባቢ የጻፉልን አርሶ አደር ጥያቄ በአጭሩ ይህ ነው። የአገሬው ዝርያ ማሽላቸው እንዳበበ ዝናቡ ተቋረጠ፤ ቅጠሉ ከታች ጀምሮ ደረቀ፣ ብዙው አገዳ ወደቀ፣ ፍሬውም ቀጨጨ። በዚያው ማሳ ውስጥ ግን እዚህም እዚያም አንዳንድ አገዳ ቅጠሉ ሳይደርቅ ዛላውን ሞልቶ ቆመ። «አፈሩ አንድ፣ ዝናቡ አንድ፤ ታዲያ ልዩነቱ ከምን መጣ? ዘሩን ባስቀረው ይደገምልኛል? ከብትስ ብለቅበት ችግር አለው?» ይላሉ።

ውድ ጠያቂያችን፣ ያስተዋሉት ነገር ትልቅ ነው፤ ከልዩነቱ አንዱ ክፍል ከዘሩ የሚመጣ ነውና።

ማሽላ ውሃ ሲያጥረው አብሲሲክ አሲድ የሚባል ሆርሞን ያመነጫል። ሆርሞኑ በሕዋሱ ውስጥ ከሚቀበለው ፕሮቲን ጋር ሲገናኝ ቀድሞ ታፍነው የቆዩ ኢንዛይሞች ይለቀቃሉ፤ እነሱም በአንድ በኩል የቅጠሉን ጥቃቅን የአየር ቀዳዳዎች ያዘጋሉ፣ በሌላ በኩል ድርቅን ለመቋቋም የሚያገለግሉ በርካታ ዘረመሎችን (ባሕርይን ከዘር ወደ ዘር የሚያስተላልፉ መመሪያዎችን) ሥራ ያስጀምራሉ። ነገር ግን ቀዳዳው ሲዘጋ አየርም ስለማይገባ ተክሉ ምግብ ማዘጋጀቱን ይቀንሳል። ስለዚህ ይህ መከላከያ ነፍስ ያቆያል እንጂ ዛላ አይሞላም።

ዛላ የሚሞላው ቀደም ብሎ በተቆጠበ ውሃ ነው። ቅጠሉ ሳይደርቅ የመቆየት ባሕርይ በሰፊው የተጠናው ቢ35 በተባለ የማሽላ ዘር ላይ ሲሆን፣ የዚህ ዘር መነሻ የኢትዮጵያ ማሽላ መሆኑን ስገልጽልዎ ደስታ ይሰማኛል። ዘረመሎች ከተደረደሩባቸው የማሽላ 10 ጥንድ ክሮሞሶሞች በሦስቱ ላይ ባሕርዩን የሚወስኑ አራት ዋና ዋና ስፍራዎች ተለይተዋል። እነዚህን የያዘ ተክል ከሥሩ የሚያቆጠቁጡት ተጨማሪ አገዳዎች ያነሱ፣ ቅጠሎቹም አነስ ያሉ ስለሚሆኑ ከማበቡ በፊት ብዙ ውሃ አያጠፋም፤ የተረፈው እርጥበት ፍሬ በሚሞላበት ጊዜ ይደርስለታል። ቅጠሉ የደረቀበት ተክል ግን ፍሬውን ለመመገብ ከአገዳው ስኳር ስለሚያወጣ አገዳው ይዳከማል፣ በአፈር ውስጥ የሚኖረው፣ የከሰል አበስብስ የተባለውን በሽታ የሚያመጣው ፈንገስም ይገባበታል። የወደቀውን አገዳ ከሥሩ ሰንጥቀው ይመልከቱት፤ ውስጡ ተበጣጥሶ የከሰል ብናኝ የመሰለ ጥቁር ነገር ካዩ ምክንያቱ ይኸው ነው።

ዘሩን ያስቀሩ፤ ማሽላ በአብዛኛው ራሱን በራሱ ስለሚያዳቅል ባሕርዩ በብዛት ይደገማል። ነገር ግን ምርጫው አጨዳ ላይ ሳይሆን ፍሬው እየሞላ ሳለ፣ አገዳው ላይ ጨርቅ በማሰር መደረግ አለበት። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፦ ዘግይቶ ያበበ ወይም ዛላው ባዶ የሆነ ማሽላም አረንጓዴ ሆኖ ይቆያል። ስለዚህ በአንድ ሳምንት ውስጥ ያበቡትን ብቻ እርስ በርስ ያወዳድሩ፣ ከእነሱም ዛላቸው የሞላውን ይምረጡ፤ ውሃ ከሚቋጥር ጎድጓዳ ቦታ ወይም ከማሳው ዳር አይውሰዱ። በሚቀጥለው ዓመት የእያንዳንዱን ዛላ ዘር በየራሱ መስመር ቢዘሩ፣ እውነተኛው ከአጋጣሚው ይለያል።

የሚቆጠብ ውሃ ከሌለ ግን የትኛውም ዘረመል አያድንም። ሽልሻሎ (በበቀለው ማሽላ መካከል የሚደረገውን እርሻ) ሲያካሂዱ ቦዩን በየተወሰነ ርቀት በአፈር ቢቋጥሩት ዝናቡ ተንሸራቶ ከመሄድ ይልቅ ማሳው ውስጥ ይሰርጋል።

ከብቶቹን በተመለከተ በጣም እንዲጠነቀቁ አደራ እላለሁ። ማሽላ ዱሪን የሚባል ንጥረ ነገር አለው፤ እንስሳው ሲያኝከው ወደ ሳይናይድ መርዝ ይለወጣል፣ መጠኑም በድርቅ በተጎዳና በለጋ ተክል ላይ ይጨምራል። ከሁሉም የከፋው ድርቁን ተከትሎ ዝናብ ሲመለስ ከሥር የሚያቆጠቁጠው ለጋ ቡቃያ ነውና ከብት በፍጹም አይልቀቁበት። አገዳውን ግን አጭደው በፀሐይ በደንብ ካደረቁት መርዙ በእጅጉ ስለሚቀንስ ከሌላ መኖ ጋር ቀላቅለው ሊሰጡ ይችላሉ።