መጽሐፍ መደርደር ብቻ እያሠሩኝ ሙያውን መማር እችላለሁ?

ጥያቄ፦ በታሪክ ተመርቄያለሁ፤ ምኞቴ ግን የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ መሆን ነው። አሁን በአንድ ቤተ መጻሕፍት የተግባር ልምምድ ላይ ነኝ። እስካሁን የምሠራው አንባቢዎች የመለሷቸውን መጻሕፍት ወደየመደርደሪያቸው መመለስ ብቻ ነው። በዚህ ዓይነት ሙያውን እማራለሁ ወይስ ትቼው ወደ ትምህርት ልመለስ?

መልስ፦ እህቴ፣ አትተዪው። የያዝሽው ሥራ የሙያው መግቢያ ነው፤ ጊዜሽ የሚባክነው ምክንያቱን ሳትጠይቂ የምትደረድሪ ከሆነ ብቻ ነው።

ቤተ መጻሕፍታችሁ እንደ ብዙዎቹ የዲዊን ሥርዓት የሚከተል ከሆነ፣ መጽሐፉ ላይ የተለጠፈው ቁጥር ራሱ አስተማሪሽ ነው። ሜልቪል ዲዊ እ.ኤ.አ. በ1876 ያሳተመው ይህ ሥርዓት ዕውቀትን በ10 ዋና ዋና ክፍሎች ይመድባል። ታሪክ ያለው 900ዎቹ ውስጥ ስለሆነ አንቺ እነሱን ቶሎ ትለምጃለሽ። ነገር ግን የሕክምና ታሪክ መጽሐፍ ሲገጥምሽ ቁጥሩ 610.9 ይሆናል፤ የሒሳብ ታሪክ ደግሞ 510.9። ሥርዓቱ በቅድሚያ የሚያየው መጽሐፉ ስለ ምን እንደሆነ ነው፤ እዚህ ጋ ከነጥቡ በኋላ ያለው 9 ጉዳዩ በታሪኩ በኩል እንደቀረበ ይነግርሻል። ቦታው ያስገረመሽን መጽሐፍ ሁሉ ማስታወሻሽ ላይ ጻፊና ኃላፊሽን «ይህ ለምን እዚህ ገባ?» ብለሽ ጠይቂ። እንዲህ ዓይነት ጥያቄ የምትጠይቅ ተለማማጅ ስታገኝ ደስ የማይላት ባለሙያ እምብዛም የለችም።

ቅደም ተከተሉንም አትናቂው። ጀማሪ ብዙ ጊዜ 331.2ን ከ331.12 ያስቀድማል፣ 12 ከ2 ስለሚበልጥ። ከነጥቡ በኋላ ያለው ግን የሚነበበው አንድ በአንድ ነው፤ ስለዚህ 331.12 ይቀድማል። ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ሆኖም ካታሎጉ፣ ማለትም የመጻሕፍቱ መዝገብ፣ «አለ» እያለ ቦታው ላይ የሌለ መጽሐፍ ለአንባቢው ከጠፋ አይለይም።

ቀጥሎ ካታሎጉን ጠይቂ። አንባቢ የሚያየውን ገጽ ሳይሆን ሠራተኛ የሚሞላውን እንዲያሳዩሽ ማለቴ ነው። የመጻሕፍት መረጃ በኮምፒውተር የሚመዘገብበትን ማርክ (MARC) የተባለውን ቅርጽ የሚጠቀሙ ከሆነ በቁጥር የተለዩ መስኮች ታያለሽ፦ 100 ደራሲ፣ 245 ርዕስ፣ 650 የጉዳይ ርዕስ። ጥቂት መጻሕፍት ያዢና መዝገቡን ሳታዪ ራስሽ ሞልተሽ ከነባሩ ጋር አስተያዪ። ደራሲና ርዕስ ላይ ብዙም አትሳሳቺም፤ የምትለያዩት 650 ላይ ነው። አንባቢ በየትኛው ቃል ፈልጎ ይህን መጽሐፍ ያገኘዋል የሚለው ውሳኔ ያለው እዚያ ነው። ቤትሽ መለማመድ ብትፈልጊ ኮሃ የሚባለው የቤተ መጻሕፍት ሶፍትዌር በነፃ ይገኛል።

ከሁሉም በላይ ግን የመረጃ ዴስኩ ጋ ድረሺ። እኔ የሙያው ልብ እዚያ ነው ብዬ አምናለሁ፣ ከመጽሐፍም የማይገኘው እሱ ነው። ሰው ብዙ ጊዜ በመጀመሪያ የሚጠይቀው የሚፈልገውን አይደለም። አንዲት ሴት መጥታ «የሕክምና መጻሕፍት የት ናቸው?» ብትልሽ፣ በጣትሽ 610ን ማሳየት ትችያለሽ። ልምድ ያላት ባለሙያ ግን ተነስታ አብራት እየሄደች «በተለይ ስለ ምን ጉዳይ ፈልገው ነው?» ትላለች። ያኔ ሴትዮዋ እናቷ ስኳር እንዳለባቸው በቅርቡ እንደተነገራቸው ትናገር ይሆናል። የምትፈልገው ለሐኪም የተጻፈ ወፍራም መጽሐፍ ሳይሆን ለቤተሰብ በቀላሉ የተጻፈ፣ የኅትመት ዘመኑም ያላረጀ ነው። ባለሙያዋ የሕክምና ምክር አትሰጥም፤ «ለምን ፈለጉት?» ብላም አታፋጥጥም። የሰማችውንም ለሌላ አታወራም፤ ሰው ያነበበው የራሱ ምሥጢር ነው። ከመለየቷ በፊት «የፈለጉትን አገኙ?» ብላ ታረጋግጣለች።

ይህን ለማየት ጎን ቁጭ ብሎ መስማት ይበቃል። ኃላፊሽን «ሥራው ሰለቸኝ» አትበያት። «የዕለቱን መጻሕፍት ደርድሬ ስጨርስ አንድ ሰዓት ያህል ዴስኩ ጋ ተቀምጬ ላዳምጥ?» በያት። ዝምታሽን ካየች በኋላ ቀላል ቀላሉን ጥያቄ ለአንቺ መተው ትጀምራለች።

ትምህርቱን በተመለከተ እውነቱን ልንገርሽ። ልምምድ ብቻውን ለረዳትነት ሥራ በር ሊከፍትልሽ ይችላል፤ በባለሙያነት ለመቀጠር ግን ብዙ ቤተ መጻሕፍት በዘርፉ የተገኘ የትምህርት ማስረጃ ይጠይቃሉ። ስለዚህ መማርሽ ላይቀር ይችላል። የምመክርሽ ዴስኩንም ካታሎጉንም ከቀመስሽ በኋላ እንድትመዘገቢ ነው፤ ያኔ የትኛው ክፍል እንደሚስብሽ አውቀሽ ትገቢያለሽ። የታሪክ ዲግሪሽም አይባክንም፤ በተለይ ወደ ቤተ መዛግብት ወይም ወደ ልዩ ስብስቦች ካዘነበልሽ።

የሥራ ልምድ ማስረጃሽን ልምምዱ ሳያልቅ ጠይቂ። «ተለማምዳለች» የሚል ብቻ ከሆነ ብዙም አይጠቅምሽም፤ በየትኛው ሥርዓት እንደደረደርሽ፣ በየትኛው ሶፍትዌር እንደመዘገብሽ፣ ዴስክ ላይ ምን እንደሠራሽ ይዘርዘር። ለዚህ እንዲረዳሽ የየሳምንቱን ሥራሽን ከአሁኑ መጻፍ ጀምሪ።