ዕጢው ከነሽፋኑ፦ ስለ ቢል ሂልድና ስለ ፔሊካን ለጠየቃችሁን

(ዘመናቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጥያቄ፦ ስለ ሬክተም ካንሰር በተነሳ ቁጥር ቢል ሂልድ የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም ይጠቀሳል። ምን የተለየ ነገር ሠራ? ከእሱ በፊትስ ዕጢው በቀዶ ሕክምና አይወጣም ነበር?

መልስ፦ ይወጣ ነበር፤ ችግሩ ተመልሶ መምጣቱ ነበር። ሬክተም የምንለው የትልቁ አንጀት የመጨረሻው ክፍል ነው፤ ከፊንጢጣ ወደ ላይ 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሄዳል። እዚያ የበቀለን ዕጢ ቀዳጆች ለብዙ ዘመን ሲያወጡ ቆይተዋል። ሆኖም በብዙ ሆስፒታሎች ከአምስት ታካሚዎች በአንዱ፣ አንዳንድ ቦታም ከዚያ በላይ በሆኑት፣ ካንሰሩ በዚያው በዳሌ ውስጥ ያገረሽ ነበር። ይህ ማገርሸት እጅግ የሚያሠቃይና ለማከም የሚያስቸግር ነው። ጥፋቱም ሁልጊዜ በካንሰሩ ክፋት ይሳበብ ነበር።

በደቡብ እንግሊዝ በምትገኘው በቤዚንግስቶክ ከተማ ይሠራ የነበረው ሂልድ ግን ጥፋቱን ከቀዳጁ እጅ ፈለገ። ሬክተምን ከኋላና ከጎን የከበበ፣ ደም ሥሮችንና የሊምፍ ኖዶችን (ካንሰር ሊዛመትባቸው የሚችሉ ትናንሽ እጢዎችን) የያዘ የስብ ጥቅል አለ፤ ሜዞሬክተም ይባላል። ሂልድና ባልደረቦቹ በ1982 ባወጡት ጽሑፍ፣ ከሚታየው የዕጢ ጠርዝ ብዙ ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ በዚህ ስብ ውስጥ የተደበቁ ጥቃቅን የካንሰር ክምችቶችን በአምስት ታካሚዎች ላይ አሳዩ። በድሮው ዘዴ ቀዳጁ እጁን አስገብቶ ሬክተሙን ከአካባቢው በጣቱ ይፈለቅቀው ነበር። ያኔ ስቡ ይቀደዳል፣ ከፊሉም በዳሌ ውስጥ ይቀራል። የሚያገረሸው ከዚያ ነው።

ጥቅሉ ሳይቀደድ ከነሽፋኑ ሲወጣ የሂልድ የራሱ ታካሚዎች ማገርሸት ከ5 በመቶ በታች ወረደ። ብዙዎች አላመኑትም፤ ቀለል ያሉ ታካሚዎችን መርጦ ነው የሚሠራው ያሉም ነበሩ። በ1986 ግን ፓቶሎጂስቱ (ከሰውነት የወጣን ናሙና የሚመረምር ሐኪም) ፊሊፕ ኩዌርክና ባልደረቦቹ ከ52 ታካሚዎች የወጣውን ናሙና በስስ በስሱ ቆርጠው መረመሩ። በ14ቱ ካንሰሩ የጎኑን የተቆረጠ ጠርዝ ነክቶ ተገኘ፤ ከእነዚህም 12ቱ ላይ በኋላ አገረሸ። ለክርክሩ ከዚህ የተሻለ ዳኛ የሚገኝ አይመስለንም።

ጥያቄ፦ የቀዶ ሕክምና ተማሪ ነኝ። ቅደም ተከተሉንና ብዙ ጊዜ የሚበላሽበትን ቦታ ብትነግሩኝ?

መልስ፦ በመጀመሪያ ወደ ግራው አንጀት ደም የሚያመጣው የታችኛው የሜዘንተሪ ደም ወሳጅ ይታሰርና ይቆረጣል። በግራ በኩል ከስፕሊን (ጣፊያ) ሥር ያለው የአንጀት መታጠፊያ ይላቀቃል። ይህን ሥራ ሰዓት ለመቆጠብ የሚዘልል ሰው በኋላ ይቸገራል፤ አንጀቱ ወደ ታች ሳይወጠር ካልደረሰ መገጣጠሚያው ያፈሳል።

ከዚያ ዋናው ሥራ ይመጣል። በሜዞሬክተም ሽፋንና በዳሌው ግድግዳ መካከል ደም የሌለበት፣ እንደ ሸረሪት ድር የሳሳ ንብርብር አለ፤ ሂልድ «ቅዱሱ ንጣፍ» ይለው ነበር። ረዳቱ ሬክተሙን ወደ ፊትና ወደ ላይ ሲስብ ድሩ ይወጠራል፤ ቀዳጁም በዓይኑ እያየ በመቀስ ወይም በኤሌክትሪክ ማቃጠያ ይከፍተዋል። በጣት መፈልቀቅ ክልክል ነው። ከኋላ ተጀምሮ ወደ ጎን፣ በመጨረሻ ወደ ፊት ይኬዳል።

የሚበላሸው በሁለት አቅጣጫ ነው። ወደ ውጭ ብትወጣ ከኋላ በኩል የሳክረም አጥንት (የአከርካሪው የታችኛው ክፍል) ደም መላሾችን ትነካለህ። የተቀደደው ጫፍ ወደ አጥንቱ ስለሚገባ ደሙን ማቆም ከባድ ነው። በዳሌው አፍና በጎን ያሉት ነርቮች ከተጎዱ ደግሞ ሽንት መቋጠርና የወሲብ ችሎታ ይታወካል። ወደ ውስጥ ብትገባ ሜዞሬክተሙን ትቀድዳለህ፤ በተለይ ዳሌው ወደ ታች ሲጠብ እጅ ሳያውቀው ወደ መሃል ይሳባል፣ ናሙናውም እንደ ሾጣጣ ሆኖ ይወጣል። ዳሌው ጠባብ በሆነ ወፍራም ወንድ ላይ ይህ በጣም ይፈትናል።

ዕጢው ከላይኛው ሬክተም ከሆነ ስቡን ከዕጢው በታች 5 ሳንቲ ሜትር ላይ ቀጥ አድርጎ መቁረጥ ይበቃል። ዝቅ ላለ ዕጢ ግን ሜዞሬክተሙ በሙሉ ይወጣል፤ የአንጀቱ ግድግዳ ራሱ ከዕጢው በታች ከ1 እስከ 2 ሳንቲ ሜትር ንጹሕ ቢሆን በቂ ነው። ከመገጣጠሙ በፊት የሚቀረው ጉቶ ይታጠባል፤ የተበተኑ ሕዋሳት በስቴፕለሩ መስመር እንዳይቀሩ። መገጣጠሚያው ዝቅ ካለም ለጊዜው ሰገራው በሆድ በኩል በኢሊዮስቶሚ፣ ማለትም ትንሹን አንጀት ወደ ሆድ ቆዳ በማውጣት በሚከፈት ቀዳዳ፣ ወደ ከረጢት እንዲወጣ ይደረጋል።

ጥያቄ፦ እንደ ሂልድ ያለ ስም ያለው ቀዳጅ ፔሊካን በተባለው የበጎ አድራጎት ድርጅት ውስጥ ምን ያደርጋል? ገንዘብ ለመሰብሰብ ነው?

መልስ፦ ገንዘቡም አለበት፤ የገንዘቡ ዓላማ ግን ሥልጠና ነበር። አንድ እጅ የቱንም ያህል ቢሠለጥን የሚያድነው የራሱን ታካሚዎች ብቻ ነው። ሂልድ በስዊድን ዋና ከተማ በስቶክሆልም ለቀዳጆች ኦፕሬሽኑን እያሳየ አሠልጥኖ ነበር። በ2000 የታተመው ውጤት እንደሚያሳየው የሁለት ዓመቱ ማገርሸት ቀድሞ ከነበረበት 15 እና 14 በመቶ ወደ 6 በመቶ ወርዷል። ፊንጢጣው ጭምር የሚወጣላቸውና ቋሚ የሰገራ ከረጢት የሚይዙትም ከግማሽ በላይ የነበሩት 27 በመቶ ብቻ ሆኑ። መድኃኒቱ ያው፣ ሆስፒታሎቹም እነዚያው ነበሩ።

በቤዚንግስቶክ የተቋቋመው የፔሊካን የካንሰር ፋውንዴሽን ይህንኑ ለእንግሊዝ አደረገ። ብልሃቱ ቀዳጁን ለብቻው አለመጥራት ነበር። ቀዳጁ፣ የራዲዮሎጂ ሐኪሙ፣ ፓቶሎጂስቱ፣ የካንሰር ሐኪሙና ነርሷ አንድ ላይ ይሠለጥናሉ። ኤምአርአዩን ያነበበው ሰው ከኦፕሬሽኑ በኋላ የተቆረጠውን ናሙና ካላየ ስህተቱን በምን ያውቃል? ድርጅቱ የደገፈው መርኩሪ የተባለው ጥናትም በ2006 ኤምአርአይ ከኦፕሬሽን በፊት ጠርዙ ንጹሕ ይሆን እንደሆነ በአስተማማኝ ሁኔታ እንደሚተነብይ አሳይቷል። ከዚያ ወዲህ ጨረር ለሁሉም ሳይሆን ለሚያስፈልገው መስጠት ቀለለ።

ጥያቄ፦ ኦፕሬሽኑ በደንብ ከተሠራ ጨረር ለምን ይጨመራል?

መልስ፦ በ2001 የታተመው የኔዘርላንድ ጥናት 1,861 ታካሚዎችን አካቶ ነበር። በሁለት ዓመት ውስጥ በዚህ ዘዴ ኦፕሬሽን ብቻ ከተደረገላቸው 8.2 በመቶ፣ አስቀድሞ የአምስት ቀን ጨረር ከወሰዱት ደግሞ 2.4 በመቶ አገረሸባቸው። ነገር ግን ጨረሩ የሰገራ መቋጠርንና የወሲብ ችሎታን ይጎዳል። ዕጢው ከሽፋኑ ርቆ ላለ ሰው ያ ዋጋ ብዙ ጊዜ አይከፈልም።

ጥያቄ፦ አባቴ የሬክተም ካንሰር አለበት ተብሎ ለኦፕሬሽን ቀጠሮ ተይዞለታል። ሐኪሙን ምን ልጠይቅ?

መልስ፦ እግዚአብሔር ይማርልዎት። በመጀመሪያ የዳሌ ኤምአርአይ መነሳቱንና ዕጢው ከሜዞሬክተም ሽፋን ስንት ሚሊ ሜትር እንደሚርቅ ይጠይቁ። 1 ሚሊ ሜትር ወይም ከዚያ በታች ከሆነ አስቀድሞ ጨረር ወይም ኬሞቴራፒ ይወሰድ እንደሆነ መነጋገር ያስፈልጋል። የሰገራ ከረጢት ካስፈለገ ጊዜያዊ ነው ወይስ ቋሚ? ከረጢቱ የሚለጠፍበት ቦታ ከኦፕሬሽኑ በፊት፣ አባትዎ ተቀምጠውም ቆመውም ሳሉ፣ በቀበቶ መስመር እንዳይውል ምልክት ቢደረግበት ኋላ ከመቸገር ያድናል።

ከኦፕሬሽኑ በኋላ የፓቶሎጂውን ወረቀት ይቀበሉ። ሦስት ነገር ይፈልጉበት፦ የጎን ጠርዙ ንጹሕ መሆኑን፣ ቢያንስ 12 የሊምፍ ኖዶች መመርመራቸውንና ሜዞሬክተሙ ሙሉ ሆኖ መውጣቱን። ሦስተኛው ካልተጻፈ ፓቶሎጂስቱን መጠየቅ መብትዎ ነው። አንጀቱ ከተገጠመ በኋላ ደግሞ ለወራት ቶሎ ቶሎ መጸዳዳትና ሰገራን መቋጠር አለመቻል የተለመደ ነው፤ አባትዎ አፍረው እንዳይደብቁት አስቀድመው ይንገሯቸው፤ በመድኃኒት፣ በአመጋገብና በዳሌ ጡንቻ እንቅስቃሴ ይረዳሉና።