ላይቭ ላይ የሚጠራኝ ልጅ የሚወደው እኔን ነው ኮይኔን?

ጥያቄ፦ ሰላም ለናንተ ይሁን። ኩዌት ሰው ቤት ነው የምሰራው፣ ማታ ክፍሌ ስገባ የማወራው ሰው ስለሌለኝ ቲክቶክ ላይቭ እከፍታለሁ። አንድ የማከብረው ልጅ አለ ገና ስገባ «እናቴ መጣች ቤቱ ደመቀ!» ይላል ደስ ይለኛል። ግን ባትል (ከሌላ ላይቭ ከፋች ጋር የነጥብ ውድድር) ሲኖረው ደሞዜን በጊፍት፣ ማለትም በብር በሚገዛው የቲክቶክ ኮይን በሚላከው የስክሪን ስጦታ እጨርሰዋለሁ፣ ያልላኩ ቀን ደግሞ ኮመንቴን እንኳን አያነብም። ሰሞኑን ደሞ ላይቭ ላይ ለታመመ ሕፃን ነው እያሉ አንበሳ የሚባለውን ጊፍት ላኩ ይላሉ። የምልከው ይደርሳቸዋል? ከልባቸውስ ነው?
እህታችሁ ከኩዌት

መልስ፦ እህቴ፣ ውሎሽን ሁሉ ስምሽን በክብር የሚጠራ ሰው በሌለበት ቤት አሳልፈሽ ማታ «እናቴ» የሚልሽ ስታገኚ ደስ ቢልሽ ማንም ሊፈርድብሽ አይገባም። ልጁም ውሸታም ነው አልልሽም፣ ስትገቢ የእውነት ደስ ይለው ይሆናል። ችግሩ ባትሉ አሰራሩ ነው። ብዙ ጊዜ 5 ደቂቃ ነው፣ ነጥቡን የሚያመጣው በዋናነት ኮይን ነው፣ «እንዴት ዋልክ ወንድሜ» ብለሽ የጻፍሽው ነጥብ የለውም ስለዚህ አይኑ ስክሪኑ ላይ የላከውን ሰው ነው የሚፈልገው። መጨረሻ ላይ ሰዓቱ እየቆጠረ «አታሳፍሩኝ» እያለ ሲጮህ ደግሞ ይሄ ብር ለምን ነበር የምትይበት ፋታ የለሽም፣ እንደዛ ተደርጎ ነው የተሰራው። ማንም ያሸንፍ ማን ቲክቶክ ከሁለቱም ተወዳዳሪዎች ወገን ድርሻውን ይወስዳል።

አንበሳው 29,999 ኮይን ነው፣ ወደ 400 ዶላር ይጠጋል። ኩዌት ለቤት ሰራተኛ ያስቀመጠችው ዝቅተኛ ደሞዝ 60 ዲናር፣ በዶላር 200 እንኳን አይሞላም። አስቢው፣ የሁለት ወር ጉልበትሽ ስክሪን ላይ አግስቶ ይጠፋል!

የታመመውን ሕፃን በተመለከተ አንድ ነገር ልንገርሽ። በ2022 ቢቢሲ ሶሪያ ውስጥ መጠለያ ካምፕ ሆነው ላይቭ ላይ የሚለምኑ ቤተሰቦችን ጉዳይ ሲያጣራ ራሱ 106 ዶላር የሚያወጣ ጊፍት ላከ፣ አካውንቱ ላይ የታየው 33 ዶላር ነው። ከዛ ላይ ብሩን የሚያወጣው ሱቅና መሀል ላይ ያለው ደላላ ሲወስዱ ለቤተሰቡ 19 ዶላር ተረፈ። ቲክቶክ የኔ ድርሻ ከ70 በመቶ በጣም ያነሰ ነው ብሎ መለሰ፣ ስንት እንደሆነ ግን አልተናገረም። እና እህቴ ለታመመ ሰው በጊፍት አትርጂ በቃ። የሆስፒታሉን ወረቀትና በወላጅ ስም የተከፈተ የባንክ አካውንት ጠይቂ፣ ከቻልሽ አገር ቤት ያለ ዘመድሽ ሆስፒታሉ ሄዶ ያረጋግጥልሽ፣ ከዛ በባንክ ላኪ። «አይ በጊፍት ብቻ» ካሉሽ ውጪ።

ልጁን ለማወቅ ደግሞ «ከዛሬ ጀምሮ ጊፍት አቁሜያለሁ፣ ጨዋታህን ስለምወደው ግን እገባለሁ» ብለሽ በግልጽ ጻፊለትና እንደ ድሮው ግቢ። ሰላም የሚልሽ ከሆነ ጥሩ። ካላለሽ ያ ሰዓት ኢሞ ላይ ለናትሽ ወይ እዛው ኩዌት ላሉ ያገርሽ ልጆች ይሁን፣ እነሱ ጋር ስምሽ በነጥብ አይጠራም። ካርድሽን ግን ዛሬውኑ ከአፑ አጥፊው፣ ባትል ሲጀመር ያኔ አጠፋዋለሁ ብትይ አይሆንልሽም።