ኮል ኦፕሽን መሸጥ «የማይቀር ገቢ» ነው ወይ?

ሰላም አቦ። አሜሪካ ያለው ወንድምህ በያዘው አክሲዮን ላይ ኮል ኦፕሽን እየሸጠ በየወሩ «የማይቀር ገቢ» አገኛለሁ ማለቱ እውነት ነው ወይ ብለሃል። ገቢው እውነት ነው፤ «የማይቀር» የሚለው ነው ያላማረኝ።

ኮል ኦፕሽን ማለት አንድን አክሲዮን እስከ ተወሰነ ቀን ድረስ በተቆረጠ ዋጋ የመግዛት መብት ነው፤ ወንድምህ ያንን መብት ለሌላ ሰው በገንዘብ ይሸጣል። ነገሩ ቀፊራ ገበያ ላይ ቀብድ እንደመቀበል ነው። ገዢው ሐሳቡን ቢቀይር አይመለስለትም፤ ልዩነቱ፣ ቢገዛም ከዋጋው ላይ አይቀነስለትም። አንድ ውል 100 አክሲዮን ነው። በ50 ዶላር የገዛውን በ55 ለመሸጥ ውል ገብቶ በአንዱ አክሲዮን 2 ዶላር ተቀበለ እንበል፤ 200 ዶላር ኪሱ ገባ። ዋጋው 70 ቢደርስ በ55 ያስረክባል። ትርፉ 700 ላይ ይቆማል፣ ዝም ብሎ ቢይዘው ግን 2,000 ነበር። ወደ 40 ቢወርድ ደግሞ አክሲዮኑ ላይ 1,000 ይከስራል፤ የምታካክስለት ያቺው 200 ብቻ ናት። ስለዚህ በ55 ቢሄድበት በማይቆጨው አክሲዮን ላይ ብቻ ያድርገው።

አክሲዮኑን ሳይዝ ኮል የሚሸጥ ከሆነ ግን አደራህን አስቁመው! የዋጋ ጭማሪ ጣሪያ የለውም፣ ኪሳራውም እንደዚያው።

ከድሬ ሆኜ ልሞክረው ወይ ላልከው፣ በ2017 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ ላይ ኦፕሽን የለም። በቴሌግራም «ብርህን ላክልኝ፣ ኦፕሽን ልነግድልህ» ለሚልህ ሰው አንዲት ብር እንዳትልክ።