መልስ፦ ቤት ሆኜ ስሠራ ሐሳቤ ይበታተንብኛል ላልሽው

እህቴ፣ «ቤት ስውል ሁሉም ሥራ የፈታሁ ይመስለዋል፤ በየመሀሉ ይጠሩኛል» ያልሽው በደንብ ይገባኛል። እኔም ሁለት ዓመት ቤት እየዋልኩ የሒሳብ ሥራ ሠርቻለሁ። መጀመሪያ የረዳኝ ከእናቴ ጋር ቁጭ ብዬ መነጋገሬ ነው፦ በሩ ከተዘጋ ሥራ ላይ ነኝ፤ ቡናውን ግን አሥር ሰዓት ላይ አብረን እንጠጣለን። ቡናው አልቀረም፣ ሰዓት ተቆረጠለት እንጂ። እሷም ደስ አላት፣ እኔም ሰዓቴን ጠብቄ እወጣለሁ።

ለሐሳብ መበታተኑ ደግሞ ፖሞዶሮ የሚባለውን ዘዴ ሞክሪ። ፍራንቼስኮ ቺሪሎ የተባለ ጣሊያናዊ በ1980ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ተማሪ ሳለ የጀመረው ነው፤ ስሙ የመጣው ከተጠቀመበት የቲማቲም ቅርጽ ካለው የወጥ ቤት ሰዓት ነው። 25 ደቂቃ አንድ ሥራ ብቻ፣ 5 ደቂቃ እረፍት፤ አራት ዙር ሲሞላ ረዘም ያለ እረፍት። ለጽሑፍ ሥራ 25 ያንሳል ባይ ነኝ፤ እኔ 50 አድርጌዋለሁ። ስልክሽን ግን ሌላ ክፍል አስቀምጪው። ጠረጴዛ ላይ መገልበጡ ለእኔ ፈጽሞ አልሆነልኝም።

መብራት የሚጠፋበት ሰፈር ከሆንሽ፣ ላፕቶፕሽን ማታ ቻርጅ አድርገሽ ከባዱን ሥራ በጠዋት ጨርሺው።