«እናትሽ ደህና ናት ሲሉኝ አላምንም»

ጥያቄ፦ የ37 ዓመት ሴት ነኝ። ተወልጄ ያደግሁት ሐዋሳ ነው። ባለቤቴ ካናዳ ይኖር ስለነበር ከተጋባን በኋላ ወደ ካልጋሪ ወሰደኝ፤ ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ። ሁለት ልጆች አሉን። የምሠራው በአረጋውያን መጦሪያ ሌሊት ሌሊት ነው። እናቴ 71 ዓመቷ ነው፤ ስኳርና ደም ግፊት አለባት፤ ከታናሽ እህቴ ጋር ትኖራለች። በየቀኑ ከሥራ ስወጣ እደውላለሁ። «ደህና ናት» ሲሉኝ ስለማላምን ካሜራውን ወደ እግሯ አዙሩልኝ እላለሁ፤ የስኳር ሕመም እግር እንደሚያቆስል በሥራዬ አይቻለሁ። እህቴ አሁን አሁን ስልክ ማንሳት ቀንሳለች። ባለቤቴ ደግሞ ጨክኖብኛል። ሄጄ እናቴን ልያት ስለው «ወረቀትሽ ይበላሻል፤ አሁን አይሆንም» ይለኛል፤ ስደውል ይነጫነጫል። የትንሿን ልጃችንን የክርስትና ፎቶግራፍ ለምን ግድግዳ ላይ አልሰቀልሽም ብሎ ሳይቀር ይጨቀጭቀኛል። እሷን ወልጄ ሁለት ወር ሲሆነኝ አባቴ ዐረፈ፤ አራስ ናት ተብሎ መርዶዬን የሰማሁት ከክርስትናው በኋላ ነበር፤ ግን እሱ አልፏል። የቲኬት ገንዘብ ለብቻዬ ማጠራቀም ከጀመርኩ ከዓመት በላይ ሆኖኛል፤ ባለቤቴ አያውቅም። እናቴም የምታውቀው ትዳሬ ሰላም እንደሆነና ቢሮ እንደምሠራ ነው። ልጆቼን ይዤ ጠቅልዬ ሐዋሳ ልግባ ወይስ እናቴን ረስቼ ትዳሬን ልያዝ?

መልስ፦ ውድ እህቴ፣ ሁለት መንገድ አስቀምጠሽ አንዱን እንድመርጥልሽ ጠይቀሻል። ወደዚያ ከመሄዴ በፊት አንድ ነገር ላይ ልቁም። ስለ እናትሽ እግር፣ ስለ ስልኩና ስለ ባለቤትሽ ጭካኔ በዝርዝር ጽፈሻል። ስለ አባትሽ ሞት የጻፍሽው ግን አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ እርሱንም «አልፏል» ብለሽ ዘግተሽ ወዲያው ወደ ቲኬቱ ገንዘብ ገብተሻል። እኔ እዚያ ዓረፍተ ነገር ላይ ስደርስ ወደ ኋላ ተመልሼ ደብዳቤሽን እንደገና አነበብሁት። ያለፈ አይመስለኝም።

አንቺ ያልጻፍሽውን እኔ ቀን እየቆጠርሁ ልሙላው፤ ከተሳሳትሁ አርሚኝ። ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሣው በ80 ቀኗ ነው። አባትሽ ያረፉት ልጅሽ ሁለት ወር ሲሆናት ከሆነ፣ ከቀብራቸው እስከ ክርስትናው ሦስት ሳምንት ገደማ አለ። በእነዚያ ሳምንታት አንቺ ጡት እያጠባሽ፣ ለድግሱ ቅመም እያዘጋጀሽ፣ ሐዋሳ እየደወልሽ «አባዬስ?» ስትይ «ተኝተዋል»፣ «ወጣ ብለዋል» ሲሉሽ ነበር። በክርስትናው ዕለት ቤትሽ በእልልታ ተሞላ፤ ልጅሽን ታቅፈሽ ፎቶግራፍ ተነሣሽ። በፎቶግራፉ ላይ የምትስቂው አንቺ አባትሽ ሞተውብሻል። አጠገብሽ የቆመው ባለቤትሽ ያውቃል፤ ምናልባት ከእንግዶቹም ግማሾቹ ያውቃሉ። አንቺ ብቻ አታውቂም። ከዚያ አንድ ቀን ማለዳ በሩ ተንኳኳ።

ፎቶግራፉ እስካሁን ያልተሰቀለው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል። ባለቤትሽ ለምን አልሰቀልሽም እያለ የሚጨቀጭቅሽም ግድግዳው ባዶ ሆኖበት አይመስለኝም። ይቅር ብለሽው እንደሆነ በቀጥታ መጠየቅ ቢያቅተው በፎቶግራፉ በኩል እየጠየቀሽ ይሆናል።

የምሠራው ሐዋሳ ስለሆነ የስልኩን ወዲህኛውን ጫፍ አውቀዋለሁ። ቀብር ተፈጽሞ ሰዉ ከመካነ መቃብር እንደተመለሰ፣ ገና ሰልስት ሳይደርስ፣ የቅርብ ዘመዶች ከድንኳኑ አንድ ጥግ ይሰበሰባሉ። ንግግሩ ውጭ ስላለው ልጅ ነው። አንዱ «አራስ ናት፤ ጡቷ ይደርቃል» ይላል። ሌላው «በዚያ አገር ብቻዋን ሆና ሰምታ ራሷን ብትስትስ?» ይላል። ወጣቶቹ ፌስቡክ ላይ ምንም እንዳይጽፉ ይመከራሉ። በመጨረሻ አንድ አጎት «ለባሏ ደውሉለት፤ እሱ ቀን አይቶ፣ ሰው ሰብስቦ ይንገራት» ይላል፤ ሁሉም ይስማማል። ባልየው ያንን ሸክም ይችለው እንደሆነ የሚጠይቅ ግን አላየሁም።

ይህን የምጽፈው ልማዱን ለማንቋሸሽ አይደለም፤ በውስጡ ትልቅ ርኅራኄ አለ። የውብዳር በየነ የተባሉ ኢትዮጵያዊት ተመራማሪ በ1992 እ.ኤ.አ. በአንድ የአሜሪካ የሕክምና መጽሔት ላይ ይህንኑ ልማድ ለዚያ አገር ሐኪሞች አስረድተዋል፤ ለኢትዮጵያዊ ክፉ ዜና በቀጥታ ሳይሆን አስቀድሞ ለቅርብ ዘመዱ ወይም ለወዳጁ ሊነገር እንደሚገባ። ሰው መርዶውን ብቻውን እንዳይሰማ፣ በሌሊት እንዳይሰማ፣ የሚደግፈው ክንድ ሳይኖር እንዳይሰማ ተብሎ የተሠራ ሥርዓት ነው።

ግን ሥርዓቱ የተሠራው ለምን ዓይነት ኑሮ እንደነበር አስቢ። ድሮ ሐዘንተኛው በማለዳ መርዶውን ሲሰማ ነጠላውን አዘቅዝቆ፣ እየጮኸ፣ ወደ ለቅሶ ቤት ይሄዳል። እዚያ እናቱን አቅፎ ያለቅሳል፤ አልቃሿ የአባቱን ስም እየጠራች ታስለቅሰዋለች፤ ዕድርተኛው ያድራል፤ አርባው ይወጣል፤ ተዝካሩ ይደገሳል። መደበቁ የአንድ ሌሊት ወይም የጥቂት ቀናት ነገር ነበር፤ ከመደበቁ በኋላ የሚመጣው ሁሉ ደግሞ እውነቱን አደባባይ የሚያወጣና ሐዘኑን የሚያካፍል ነው። ባሕር ሲሻገር ግን ግማሹ ብቻ ተሻገረ። መደበቁ ካልጋሪ ደረሰ፤ ለቅሶ ቤቱ ሐዋሳ ቀረ። አንቺ ባልሽ የሰበሰባቸው ሰዎች ፊት ጥቂት ቀን አለቀስሽ፤ እነርሱም ወደ ሥራቸው ሄዱ፤ አንቺም ሕፃን ልጅ ስለነበረችሽ ተነሣሽ። የአባትሽን መቃብር አላየሽም። በእኛ ልማድ ሐዘንን የሚያስጨርሰው ክፍል ሳይደርስሽ፣ የሚያስጀምረው ክፍል ብቻ ደረሰሽ።

ይህ ያስከተለው ደግሞ ከሐዘኑ የተለየ ነገር ነው። የምትወጃቸው ሰዎች ሁሉ፣ ከአፈር የተመለሰ እጃቸውን ሳይታጠቡ፣ «ደህና ናቸው» ሊሉሽ እንደሚችሉ በዚያ ማለዳ ተማርሽ። ከዚያ ወዲህ እህትሽ ምን ብላ ልታሳምንሽ ትችላለች? «ደህና ናት» ብትል ያኔም እንዲሁ ብላለች። «ትንሽ አሟታል» ብትል ደግሞ ሊያለማምዱኝ ነው ትያለሽ። ስለዚህ ካሜራው ወደ እግር ይዞራል። ለስኳር ታማሚ እግርን በየቀኑ ማየት ተገቢ ጥንቃቄ መሆኑን አንቺም እኔም እናውቃለን። ነገር ግን አንቺ የምትፈልጊው ቁስል ብቻ አይመስለኝም፤ የተደበቀ ነገር ነው የምትፈልጊው። እግራቸው ደህና ሆኖ ስታዪው ዕረፍት የምታገኚው እስከሚቀጥለው ቀን ብቻ የሆነውም ለዚህ ነው።

አሁን ደስ የማይልሽን ልናገር። በደብዳቤሽ ውስጥ ቁጣሽ ሁሉ የሚያርፈው በባለቤትሽ ላይ ነው። አባትሽን «ወጣ ብለዋል» ስላሉሽ ዘመዶችሽ አንድም ክፉ ቃል የለም። እነርሱ ሩቅ ናቸው፣ ይናፍቁሻል፣ ልትቆጫቸው አትችይም፤ እርሱ ግን ማታ ማታ ቤት ይገባል። ሦስት ሳምንት አብሮሽ በልቶ፣ አብሮሽ ተኝቶ፣ ሕፃኗን አቅፎ፣ እንግዳ ተቀብሎ፣ ያንን በሆዱ የያዘ ሰው ለማን አወራው? ከማን ጋር አለቀሰ? አባትሽን ይወድ እንደነበር እንኳ አልጻፍሽልኝም። አንቺ ስልክ ይዘሽ «እውነቱን ንገሩኝ» ባልሽ ቁጥር የሚነጫነጨው፣ ንግግሩ ወደ እርሱም እንደሚወረወር ስለሚሰማው ሊሆን ይችላል።

ደግሞም አንቺ ራስሽ እየደበቅሽ ነው። የቲኬቱን ገንዘብ ከባለቤትሽ፣ የሌሊት ሥራሽንና የትዳርሽን ችግር ከእናትሽ። «እንዳይጨነቁ ብዬ ነው» እንደምትዪኝ አውቃለሁ፤ ድንኳኑ ጥግ የተሰበሰቡትም ያሉት ይህንኑ ነው። እናትሽ አምነውሽ የሚያድሩም እንዳይመስልሽ። ወደ እኔ ዘንድ ራስ ምታትና እንቅልፍ ማጣት ይዘው ከሚመጡ እናቶች ውስጥ ጥቂት የማይባሉት፣ ጨዋታው ሲረዝም፣ ውጭ ስላለች ልጃቸው ያነሣሉ። ፊቷ ከስቷል ይላሉ፤ የምትደብቀኝ ነገር አለ ይላሉ። ካልጋሪ ከሐዋሳ እንደየወቅቱ በዘጠኝ ወይም በአሥር ሰዓት ወደ ኋላ ስለሚቀር፣ አንቺ ከሌሊት ሥራ ወጥተሽ ስትደውዪ እዚህ አመሻሽ ላይ ነው፤ ያደረ ድካም ያለበትን ፊትሽን እናትሽ በየቀኑ ያዩታል። ቢሮ ሠርታ እንደማትመጣ ሳያውቁ አይቀሩም።

ስለ እህትሽም ልናገር፤ እርሷ የሚከራከርላት ሰው የላትም። እናትሽን የምታጥበው፣ ሐኪም ቤት ወረፋ የምትይዘው፣ መድኃኒት የምታስታውሰው እርሷ ናት። አንቺ ገንዘብ ትልኪያለሽ፣ በዚያ ላይ በየቀኑ ትፈትሺያታለሽ። ስልክ ማንሳት የቀነሰችው የምትደብቀው ኖሯት ላይሆን ይችላል፤ መመርመር ሰልችቷት ይሆናል።

ወደ ጥያቄሽ ስመለስ፣ ጠቅልሎ መግባትም እናትን መርሳትም አሁን የሚወሰን ነገር አይመስለኝም። ሁለቱም ከባለቤትሽ ጋር ያንን ማለዳ ሳታነሡ የምታልፉባቸው መንገዶች ናቸው። እናትሽ «ነይልኝ» ያሉበት ቦታም በደብዳቤሽ ውስጥ አላገኘሁም።

ለጉብኝት መሄድ ግን ሌላ ነገር ነው፤ መሄድ አለብሽ ብዬ አምናለሁ። ስለ ወረቀቱ፣ በካናዳ ሕግ ቋሚ ነዋሪ የሆነ ሰው በአምስት ዓመት ውስጥ ቢያንስ 730 ቀን እዚያ መገኘት ይጠበቅበታል፤ ቀኖቹ የግድ ተከታታይ መሆን የለባቸውም። ዜግነት ካላገኘሽ ደግሞ ለማመልከቻው በአምስት ዓመት ውስጥ 1,095 ቀን ያስፈልጋል። ቀንሽን አስልተሽ አንድ የሕግ ባለሙያ ብትጠይቂ ጥሩ ነው፤ የጥቂት ሳምንት ጉዞ ግን ለብቻው ወረቀት አያበላሽም። ልጆቹን ያለ አባታቸው ስምምነት ይዞ መውጣት በአንጻሩ ከባድ የሕግ ጣጣ ስለሚያመጣ በፍጹም አታስቢው። የምትሄጂው ባለቤትሽ እያወቀ ይሁን፤ ቢቻል አብራችሁ ሂዱ። የልጆቹ ትምህርት ቤት በሐምሌና በነሐሴ ሲዘጋ ሐምሌ 19 የገብርኤል ንግሥም እዚህ ያገኛችኋል። ከሁሉ በፊት ግን አባትሽ መቃብር ሂጂ። አርባቸውና ሙት ዓመታቸው አልፏል ብለሽ አትተዪው፤ ቄስ ጠርታችሁ ጸሎት አድርሱ፣ ለቅሶ ያልደረሱሽ ጎረቤቶችም መጥተው ያስተዛዝኑሽ።

ከእህትሽ ጋር የምትነጋገሩበትን ነገር ብትቀይሩ መልካም ነው። እናታችን ሆስፒታል ከገባች በዚያው ቀን ንገሪኝ፣ ክፉም ቢሆን አትደብቂኝ፣ እኔም በየቀኑ አልመረምርሽም ብለሽ ቃል ተጋቡ። ይህ በአንድ ጥሪ የሚያልቅ አይደለም፤ መጀመሪያ አካባቢ እርሷም ትሸሽ ይሆናል፣ አንቺም ካሜራውን አዙሪ ማለትሽ አይቀርም። ቃሉ የሚጸናው ደግሞ አንቺም ለእናትሽ ስለ ሥራሽ እውነቱን ከነገርሽ ነው። አረጋውያንን መጦር የሚያሳፍር ሥራ አይደለም፤ እናትሽ ሰምተው የሚመርቁሽ ይመስለኛል።

ለባለቤትሽ በመጀመሪያ የቲኬቱን ገንዘብ ንገሪው። ከዚያ ስለ እነዚያ ሦስት ሳምንታት ጠይቂው፤ ማን እንደደወለለት፣ ምን እንዳስማሉት፣ ክርስትናው ዕለት እንዴት እንደዋለ። የምትጠይቂው ለመክሰስ ከሆነ ግን ቆይተሽ ቁጣሽ ሲበርድ ጠይቂ። ብቻችሁን የማትችሉት ሊሆን ይችላል፤ ይህ በደብዳቤ ልውውጥ የሚፈታ ነው ብዬም አላታልልሽም። ሁለታችሁም አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጣችሁ የሚያነጋግራችሁ ባለሙያ ያስፈልጋችኋል። አማርኛ የሚናገር ብታገኙ ይመረጣል፤ በአካባቢያችሁ ከሌለ በቪዲዮ የሚያማክሩ አሉ። እንቅልፍና ምግብ እየራቀሽ ከሆነ ደግሞ ለሐኪምሽ ሳትውዪ ሳታድሪ ንገሪ። ባለቤትሽ አልሄድም ካለ ብቻሽን ጀምሪ፤ ቀጠሮውን ግን ቲኬት ከመቁረጥሽ በፊት ያዢ።